ጂአይ ቢልሽን አሁን አትንኪው

ጥያቄው ይሄ ነው፦ «24 ዓመቴ ነው። ከቤተሰቤ ጋር በዲቪ መጥተን ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያደግኩት። ኮሚኒቲ ኮሌጅ ሁለት ሴሚስተር ተምሬ አቋረጥኩና አርሚ ገባሁ። አሁን ቴክሳስ ፎርት ብሊስ ነኝ፣ ከገባሁ ዓመት ከሁለት ወር ሆነኝ። ከድሮው ትምህርት 6,800 ዶላር ብድር አለብኝ። ነርስ መሆን እፈልጋለሁ። ሪክሩተሩ ትምህርት በነፃ ነው ብሎኝ ነበር። አንዷ ጓደኛዬ ጂአይ ቢልሽን አሁኑኑ ጀምሪ ትለኛለች፣ ሳጅኔ ደግሞ በቲኤ ተማሪ ይላል። የማንን ልስማ? ከኪሴስ ስንት ይወጣል?»

ሳጅንሽን ስሚ። ጓደኛሽ ክፉ አስባ አይደለም፣ ግን አንቺ ባለሽበት ሁኔታ አሁን ጂአይ ቢል መጀመር ማለት ትልቅ የእቁብ ዕጣ ወጥቶልሽ ብሩን ለታክሲ እንደ መጨረስ ነው። እኔ አርሚ አገልግዬ ከወጣሁ በኋላ አንድ ካምፕ ውስጥ ኤጁኬሽን ሴንተር አማካሪ ሆኜ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ያንቺን ጥያቄ በእንግሊዝኛም በአማርኛም ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልቆጥረውም። ሪክሩተሩም ቢሆን አልዋሸሽም፣ ግማሹን ዋጠው እንጂ።

ወታደር ለትምህርት የሚከፈልለት ከሁለት ኪስ ነው። አንዱ የመከላከያው ኪስ ነው፤ ቲዩሽን አሲስታንስ፣ ሁላችንም ቲኤ የምንለው። ሌላው የቪኤ፣ ማለትም የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ኪስ ነው፤ ጂአይ ቢል። ሰው ሁለቱን አንድ እያደረገ ነው የሚሳሳተው።

ቲኤ ለአንድ ክሬዲት እስከ 250 ዶላር፣ በዓመት እስከ 4,500 ዶላር ይከፍላል። ስታካፍዪው 18 ክሬዲት ይመጣል፣ ባለ ሦስት ክሬዲት ስድስት ኮርስ ማለት ነው። ዓመት ስል የበጀት ዓመት ነው፤ የኛ አገር ሐምሌ 1 እንደሚጀምረው የነሱ ኦክቶበር 1 ይጀምራል። ያልተጠቀምሽበት ወደ ሚቀጥለው ዓመት አይሻገርም፣ በዚያው ይቀራል። ለኤንሊስትድ፣ ማለትም መኮንን ላልሆነ ወታደር ደግሞ ቲኤ የአገልግሎት ዘመን አይጨምርም፤ ሁለት ዓመት የሚጨመርባቸው መኮንኖቹ ናቸው። አንቺ ኮርሱን እስክትጨርሺ የሚበቃ ጊዜ ኮንትራትሽ ላይ ከቀረሽ በቂ ነው። በነገራችን ላይ ይህቺ 250 ዶላር እ.ኤ.አ. ከ2002 ማብቂያ ጀምሮ ንቅንቅ አላለችም። የኮሌጅ ዋጋ በዚህ ሁሉ ጊዜ የት እንደደረሰ አንቺው ታውቂዋለሽ፣ ብድሩ ያለው አንቺ ጋ ነውና።

ጂአይ ቢል ሌላ ነገር ነው። አሁን ያለው ድህረ 9/11 የሚባለው 36 ወር ይሰጥሻል። ትንሽ ይመስላል፣ ግን የዘጠኝ ወር የትምህርት ዓመት አራት ጊዜ ነው፣ አንድ ሙሉ ዲግሪ ያስጨርሳል። እንደ ቲኤ በየዓመቱ አይሞላም። ካለቀ አለቀ። እና አሁን አትንኪው የምልሽ በሁለት ምክንያት ነው።

አንደኛ፣ ገና ሙሉ አልሆነልሽም። 100 ፐርሰንት የሚደርሰው 36 ወር ስታገለግዪ ነው። አንቺ ዓመት ከሁለት ወር ነሽ፣ ከዚያም ላይ ቤዚክና ኤአይቲ (የመጀመሪያው ወታደራዊ ሥልጠናና የሙያ ሥልጠናው) ላይ ያሳለፍሽው ጊዜ ሁለት ዓመት እስክትሞዪ ድረስ አይቆጠርልሽም። ስለዚህ ዛሬ በእጅሽ ያለው 50 ወይም 60 ፐርሰንት ነው። በግማሽ ዋጋ ለምን ትሸጪዋለሽ?

ሁለተኛው ይብሳል። ጂአይ ቢል ከሠራዊቱ ለወጣ ሰው የትምህርት ክፍያ ብቻ አይደለም የሚከፍለው፣ የቤት አበልም አለው። አበሉ የሚሰላው ትምህርት ቤቱ ባለበት ዚፕ ኮድ ቤተሰብ ላለው ኢ-5 ሳጅን በሚከፈለው ልክ ነው። ዲሲ አካባቢ ብትማሪ በወር ከ2,500 ዶላር በላይ ነው። በ36 አባዢው፣ 90,000 ዶላር ያልፋል። ወታደር ሆነሽ ስትጠቀሚበት ግን ይሄ አበል ዜሮ ነው፣ መንግሥት ቤት ወይም የቤት አበል እየሰጠሽ ስለሆነ። ጓደኛሽ «ነፃ ነው» ያለችው ነገር ዋጋው ይሄ ነው። (ወጥተሽ ስትማሪም ሁሉንም ኮርስ ኦንላይን ካደረግሽው አበሉ ወደ አገር አቀፉ አማካይ ግማሽ ይወርዳል። አንድ ኮርስ እንኳን ክፍል ገብተሽ ተማሪ። ይሄን ሳያውቁ ብዙ ብር ያጡ አሉ።)

ዛሬ ባል የለኝም ልጅ የለኝም ትዪ ይሆናል። ይሁን። ግን ስድስት ዓመት አገልግለሽ አራት ልትጨምሪ ከፈረምሽ ያልነካሽውን ጂአይ ቢል ለልጅ ወይም ለባል ማስተላለፍ ትችያለሽ። ማስተላለፊያው ወረቀት የሚሞላው ገና በሥራ ላይ እያለሽ ነው፣ ከወጣሽ በኋላ በሩ ተዘግቷል። ልጅ ሲጠቀምበት ደግሞ እናቱ ወታደር ብትሆንም የቤት አበሉን ያገኛል። ጡረታቸውን ይዘው ወጥተው፣ ልጃቸው ኮሌጅ ሲደርስ ቢሮዬ መጥተው ይሄን ከእኔ የሰሙ ሰዎች ፊታቸው እንዴት እንደሚሆን አይቻለሁ።

እሺ፣ ቲኤ እንዴት ነው የሚገኘው? አርሚ ኢግናይትድ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ነው የምትጠይቂው። ትምህርት ቤቱ ከመከላከያ ጋር የተፈራረመ መሆን አለበት፤ ድረ ገጹ ላይ ከሌለ እርሺው። ጥያቄሽ ክፍል ከመጀመሩ ቢያንስ 7 ቀን ቀድሞ መጽደቅ አለበት። ሰባት ቀን ማለት ሰባት ቀን ነው። «ኮሌጁ ተመዝግበሻል ብሎኛል፣ የቲኤው ወረቀት ይደርሳል» ብሎ ክፍል የገባ ወታደር ሁሉ ሂሳቡ በስሙ ነው የመጣው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። እንደኔ ከሆነ አንድ ወር ቀደም ብለሽ ጠይቂ፣ አለቃሽም ቀድሞ ይወቅ።

አሁን ወደ ዋናው ወጥመድ ልምጣ፣ ምክንያቱም የቲኤን ብር ማግኘት ቀላል ነው፣ መልሶ አለመክፈል ነው ከባዱ። በአንደኛ ዲግሪ ኮርስ ከሲ በታች ካመጣሽ ያንን ብር ከደሞዝሽ ይቆርጡታል። በራስሽ ምክንያት ኮርሱን ብትተዪም እንደዚያው።

አንድ ልጅ ነበር፣ የአዲስ አበባ ልጅ፣ የመኪና መካኒክ፣ ጎበዝ። ሁለት የኦንላይን ኮርስ ይዞ ሳለ ብርጌዱ በሙሉ ለልምምድ ካሊፎርኒያ ፎርት አርዊን ወረደ። ሞሃቪ በረሃ ነው፤ አቧራ፣ ታንክ፣ ሌሊት ብርድ፣ ስልኩ ደግሞ አንድ መስመር ኔትወርክ አይዝም። ሲመለስ ሁለቱም ኮርስ ኤፍ ሆነው ጠበቁት። ሁለት ጊዜ ሦስት ክሬዲት፣ በ250 ሲባዛ 1,500 ዶላር። ከደሞዙ ተቆረጠ። ቢሮዬ መጥቶ የደሞዝ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጋው ተቆራጩ ላይ በእስክርቢቶ ሦስት ጊዜ አክቦበት ነበር። የሚያሳዝነው ምንድነው፣ እንዲህ ያለ ነገር መፍትሔ አለው። በወታደራዊ ግዴታ ኮርስ ካቋረጥሽ አዛዥሽ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ዕዳው ይነሳል። ለምን ከመውረድህ በፊት አልጠየቅክም ስለው፣ «ሰውየው ሥራ በዝቶበት ነበር፣ ለኔ ትምህርት ብዬ ላስቸግረው?» አለኝ። ይሉኝታው 1,500 ዶላር አስከፈለው። አንቺ አስቸግሪ። ፎርት ብሊስ ያሉት ብርጌዶችም እዚያው በረሃ ይወርዳሉ፣ ስለዚህ የዩኒትሽን የልምምድ ካሌንደር ሳታዪ ኮርስ አትመዝገቢ። መጀመሪያ ላይ አንድ ኮርስ ብቻ ያዢ፣ ስትለምጂው ሁለት ይሆናል።

ከኪሴ ስንት ይወጣል ላልሽው፣ ቲኤ የሚከፍለው ቲዩሽን ብቻ ነው። መጽሐፍ አይገዛም፣ የላብና የመመዝገቢያ ክፍያም አይሸፍንም። ለነርሲንግ መሠናዶ የሚሆኑት የአናቶሚና የኬሚስትሪ መጻሕፍት ደግሞ ዋጋቸው ያስደነግጣል። እዚህ ጋ ነው ፋፍሳ፣ የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻው፣ የሚመጣው። ብዙ ወታደር «ደሞዝ አለኝ፣ ለኔ አይሰጡም» ብሎ አይሞላውም። ስህተት ነው። በሥራ ላይ ያለ ወታደር ፋፍሳ ላይ ራሱን እንደቻለ ተማሪ ነው የሚታየው፣ 24 ዓመት ባይሞላሽ እንኳ። የአባትሽን የታክስ ወረቀት የሚጠይቅሽ የለም። ያንቺ ገቢ ብቻ ነው የሚታየው። ለ2025-26 የትምህርት ዓመት በፋፍሳ የሚገኘው እርዳታ፣ የፔል ግራንት፣ ጣሪያው 7,395 ዶላር ነው። ሙሉውን ላታገኚ ትችያለሽ፣ በተለይ ትርፍ ሰዓት ስትማሪ፣ ግን ጥቂት መቶ ዶላርም ብትሆን መጽሐፍሽን ትገዛለች። ቲኤው ቲዩሽኑን ከከፈለ በኋላ ከፔሉ የተረፈው ላንቺ ነው የሚመለሰው፣ ደግሞም ብድር አይደለም።

ቴክሳስ መሆንሽም ይጠቅምሻል። ሜሪላንድ ያደግሽ ብትሆኚም፣ የተመደብሽበት ክልል የመንግሥት ኮሌጆች እንደ ነዋሪ እንዲያስከፍሉሽ የፌዴራል ሕግ ያዛል። ኤል ፓሶ ኮሚኒቲ ኮሌጅም ሆነ ዩቴፕ (ኤል ፓሶ ያለው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ) ሄደሽ የነዋሪ ዋጋ ካልሰጡሽ የምደባ ትእዛዝሽን አሳዪ። እዚያ አካባቢ ስለ ሄዝልዉድ ሰምተሽ ይሆናል፣ የቴክሳስ ክልል ለቀድሞ ወታደሮች 150 ክሬዲት በነፃ የሚሰጥበት ሕግ። እሱን ተስፋ አታድርጊ። ሠራዊቱን ከቴክሳስ ለተቀላቀለ ሰው ነው፣ አንቺ የገባሽው ከሜሪላንድ ነው።

ስለ ትምህርት ቤት ምርጫ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ በራሴ የደረሰ ነው። ወጣት ወታደር ሳለሁ አንድ ለትርፍ የሚሠራ ኮሌጅ ሰዎች መጥተው ቡና እየጋበዙ፣ ኮፍያ እያደሉ አስመዘገቡኝ። ስሙን አልጠራውም። 24 ክሬዲት ሰበሰብኩ፣ ውጤቴም ጥሩ ነበር። በኋላ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ስሄድ ከ24ቱ የተቀበሉኝ ሦስቱን ብቻ ነው። የቲኤው ብርም ጊዜዬም እንደ ውሃ ፈሰሰ። እነዚህ ኮሌጆች ወታደር የሚወዱበት ምክንያት ነበራቸው፤ ከገቢያቸው ቢያንስ 10 ፐርሰንት ከፌዴራል እርዳታ ውጭ መምጣት ነበረበት፣ ቲኤና ጂአይ ቢል ደግሞ እንደ ፌዴራል ብር አይቆጠርም ነበር። ይህ ቀዳዳ የተደፈነው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። ከዚያ በፊት በ2015 ኮሪንቲያን፣ በ2016 ደግሞ አይቲቲ ቴክ የሚባሉት ለትርፍ የሚሠሩ ኮሌጆች ተማሪውን ሜዳ ላይ ጥለው ተዘጉ። ስለዚህ ማንም በስልክ «ሄሎ፣ ዛሬ ብትመዘገቢ» ብሎ ቢያጣድፍሽ ዝጊው። ጥሩ ኮሌጅ አያጣድፍም። ከመመዝገብሽ በፊት በመጨረሻ ልትገቢበት ላሰብሽው የነርሲንግ ትምህርት ቤት ኢሜይል ጻፊና ይሄን ኮርስ ትቀበላላችሁ ወይ በይ። መልሱን በጽሑፍ ያዢ።

ክሬዲት ሳትከፍዪ የምታገኚበትም መንገድ አለ። ጄኤስቲ የሚባለው የሠራዊቱ ትራንስክሪፕት በነፃ ይላካል፤ ቤዚክ ትሬኒንግ ራሱ ላይ ክሬዲት አለው፣ ስፖርት፣ የመጀመሪያ እርዳታ እና የመሳሰለው። ክሌፕ የሚባሉትን ፈተናዎች ደግሞ ወታደር ለመጀመሪያ ሙከራ አይከፍልባቸውም። ሳይኮሎጂን ወይም የአሜሪካ ታሪክን ሁለት ሳምንት አጥንተሽ ብታልፊ፣ ኮሌጁ ከተቀበለው ሦስት ክሬዲት አተረፍሽ። የሳይንስ ኮርሶችሽን ግን በክሌፕ ለማለፍ አታስቢ። የነርሲንግ ትምህርት ቤቶች አናቶሚና ፊዚዮሎጂን ከላብ ጋር፣ በፊደል ውጤት ማየት ይፈልጋሉ።

አማርኛሽም ዋጋ አለው! የመከላከያው የቋንቋ ፈተና፣ ዲኤልፒቲ የሚሉት፣ በአማርኛም አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 የተጀመረው፣ ግሪን ካርድ የሌላቸውን በቋንቋቸው ይመለምል የነበረው ማቭኒ ፕሮግራምም አማርኛን ከሚፈልጋቸው ቋንቋዎች መሃል አስገብቶት ነበር። ብዙ የኛ ልጆች በዚያ ነው የገቡት። የዲኤልፒቲን ውጤት እንደ የውጭ ቋንቋ ክሬዲት የሚቀበሉ ኮሌጆች አሉ። ኤጁኬሽን ሴንተሩን ስትሄጂ ፈተናውን የት እንደምትወስጂ ጠይቂ። ማዳመጥና ማንበብ ነው የሚፈትነው፤ በቤት ውስጥ ወሬ ብቻ ከቆየሽ ከመፈተንሽ በፊት ትንሽ ጋዜጣ አንብቢ፣ ፊደሉ ዝጎ እንዳይጠብቅሽ።

ነርሲንግ ላይ እንምጣ፣ እዚህ ላይ ነው ሳጅንሽም ያልነገረሽ ነገር ያለው። ሙሉውን የነርሲንግ ዲግሪ በቲኤ፣ ከሥራ ጎን ለጎን እጨርሳለሁ ብለሽ አትነሺ። መሠናዶ ኮርሶቹን፣ ኬሚስትሪ፣ አናቶሚ፣ ስታቲስቲክስ፣ እነሱን ማታና ኦንላይን መያዝ ይቻላል። ክሊኒካሉ ግን ሆስፒታል ውስጥ ቀን ሙሉ መቆም ነው፣ ፎርሜሽን (የወታደር ሰልፍ) ላይ ቆመሽ ክሊኒካል መግባት አይሆንም። ለዚህ አርሚ ራሱ ኤኢሲፒ የሚባል ፕሮግራም አለው። ኤንሊስትድ ወታደር ተወዳድሮ ካለፈ፣ ሥራው ትምህርት ብቻ ሆኖ፣ ደሞዙ ሳይቋረጥ የነርሲንግ ዲግሪውን ይጨርሳል፤ ሲመረቅና የነርስ ፈተናውን ሲያልፍ ምክትል መቶ አለቃ ሆኖ ይሾማል። ለዚህ የምትፈርሚው የአገልግሎት ግዴታ አለ፣ እሱን አንብበሽ ፈርሚ። ውድድሩ ቀላል አይደለም። የሚያዩት መሠናዶ ኮርሶችሽን መጨረስሽን፣ ውጤትሽንና ነርሲንግ ትምህርት ቤት የተቀበለሽ መሆኑን ነው። እነዚህን ኮርሶች ነው እንግዲህ አሁን በቲኤ የምትገፊያቸው፤ በዓመት 18 ክሬዲት ሳይሆን 9 እንኳን ብትወስጂ በሁለት ዓመት 18 ነው። ኤኢሲፒ ከተሳካ ጂአይ ቢልሽ ለማስተርስ ወይም ለልጅሽ ይቀራል። ካልተሳካም ወጥተሽ፣ የቤት አበል እየበላሽ፣ ክሊኒካሉን በሙሉ ጊዜ ትማሪበታለሽ።

ኤኢሲፒ ዜግነት ይጠይቃል። በዲቪ መጥተሽ እስካሁን ካላወጣሽ አሁን አውጪ፣ ለወታደር የማመልከቻው ክፍያ አይጠየቅም።

ብድርሽ አያስፈራኝም። ሠራዊቱ ከመግባትሽ በፊት የወሰድሽው ብድር ወለዱ ከ6 ፐርሰንት እንዳይበልጥ ሕግ አለ፣ ኤስሲአርኤ ይባላል። የግል ባንክ ብድር ከሆነ በጽሑፍ ጠይቂ፣ እነሱ ፈልገው አይነግሩሽም። የፌዴራል ከሆነ ወለዱ ከዚያ ያነሰ ሊሆን ስለሚችል ለውጥ ላታዪበት ትችያለሽ። ሰዎች ደግሞ ዕዳሽን አሥር ዓመት በመንግሥት ሥራ ስትሠሪ ይሰረዝልሻል ይሉሻል። እውነት ነው፣ ግን ለ6,800 ዶላር አሥር ዓመት አይጠበቅም። በየወሩ 200 ዶላር ብትገፊበት ሦስት ዓመት ገደማ ብቻ ነው። አንድ ነገር ብቻ አረጋግጪ። ስትፈርሚ ኮንትራትሽ ላይ «የብድር ክፍያ ፕሮግራም» የሚል ካለ፣ አርሚ ብድርሽን የሚከፍልበት የአገልግሎት ዘመን ለጂአይ ቢል አይቆጠርልሽም። እንዲህ ላለች ትንሽ ብድር ሦስት ዓመት መስጠት በጣም ውድ ነው። ኮንትራቱን አውጪና አባሪ ገጾቹን እስከ መጨረሻው አንብቢ።

በዚህ ሳምንት ኤጁኬሽን ሴንተር ሂጂ፣ አማካሪ ማየት በነፃ ነው። ከዚያ በፊት ግን የድሮው ኮሌጅ ዘንድ ደውዪና ትራንስክሪፕትሽን ጠይቂ። ሁለት ሴሚስተር ተምረሻል፣ እንግሊዝኛና ሒሳብ ካለፍሽ እነዚያን ዳግመኛ የምትከፍዪበት ምክንያት የለም። አንዳንድ ኮሌጅ ያልተከፈለ ትንሽ ሂሳብ ካለ፣ የፓርኪንግ ቅጣት እንኳን ቢሆን፣ ትራንስክሪፕት አልሰጥም ይላል። እንደዚያ ካሉሽ ስንት እንደሆነ ጠይቂና ከሚቀጥለው ደሞዝሽ ላይ ክፈዪው።